መብራት ሳይመጣ ሲሬ ለመድረስ

እናቴ «እግርሽ ምድር ላይ፣ ጭንቅላትሽ ጉም ውስጥ» ትለኝ ነበር። አሰላ ለተወለደ ሰው ይሄ ትልቅ ስድብ አይደለም። ነሐሴ ላይ የከተማው ሰው በሙሉ ጭንቅላቱ ጉም ውስጥ ነው። ጭላሎ ተራራ ለሳምንታት አይታይም፤ መንገድ ላይ ሰላም ያልነው ሰው ማን እንደነበረ የሚገባን ካለፈን በኋላ ነው። የእኔ ጥፋት ጉሙን ይዤው ቢሮ መግባቴ ነበር። ጠረጴዛዬ መስኮት አጠገብ ስለነበረ፣ ግቢው ውስጥ ያሉት ባሕር ዛፎች አንድ በአንድ ሲጠፉና ሲመለሱ እያየሁ እጄ ብቻውን ይሠራ ነበር። እጅ ብቻውን ሲሠራ ምን እንደሚያደርግ ነው ዛሬ የምነግራችሁ።

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ከገበሬ ስንዴና ገብስ እየገዛ ለፋብሪካዎች በሚያቀርብ ድርጅት ውስጥ፣ በሰው ኃይል ክፍል እሠራ ነበር። ዋናው መሥሪያ ቤት አሰላ ነው፤ ኢተያ፣ ዴራና ሲሬ ላይ ቅርንጫፎች ነበሩን። የሠራተኛው ማኅደር በሙሉ እኔ ዘንድ ነው። ማን አገባ፣ ማን ተፋታ፣ ማን ለማንም ሳይናገር ምን መድኃኒት እንደሚወስድ አውቃለሁ። ገበያ ላይ ሰው ሁሉ ለምን ቀድሞ ሰላም እንደሚለኝ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው። እኔ ሞኟ በመልኬ መስሎኝ ነበር።

የቅርንጫፎቹን አሠራር ካልነገርኳችሁ ቀሪው አይገባችሁም። መዛኙ፣ ጫኙና ጥበቃው ኢሜይል የላቸውም። ስለዚህ ከአሰላ የሚላክ ነገር ሁሉ ለቅርንጫፉ ጸሐፊ ይደርሳል፤ ጸሐፊዋ ታትመዋለች፣ ማኅተም ትመታበታለች፣ በሩ አጠገብ ያለው ሰሌዳ ላይ ትለጥፈዋለች። ሠራተኛው ማታ ሲወጣ ሰሌዳው ፊት ይቆማል፤ ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ጮክ ብሎ ያነብለታል። ሌላ አገር ኢሜይል በሁለት ሰው መካከል የሚቀር ነገር ይሆናል። እኛ ጋ ግን ግድግዳ ላይ ነበር የሚያበቃው።

ጥፋቱን ከሠራሁበት ቀን ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ድርጅቱ የሠራተኞችን ቤተሰብ ማሳከም ሲጀምር የቤተሰብ ቅጽ አስሞላሁ። የሲሬው መጋዘን ኃላፊ አቶ ገመዳ ቅጹን ሊሞሉ አሰላ ድረስ መጡ። መላክ ይችሉ ነበር፤ አልላኩትም። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ልጅ» ከሚለው ሥር «የአብራክ ነው ወይስ የማደጎ» የሚለው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ እስክሪብቷቸው ቆመ።

«ልጄ፣ ይሄን ማን ያየዋል?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ የማየው፣ አቶ ገመዳ።»

«አንቺ ብቻ?»

«እኔ ብቻ።»

እኛ አገር ጉዲፈቻ የወሰደ ሰው «ልጄ» ይላል፣ በቃ። ሌላ ቃል አይጨምርበትም። የሚያውቅ ጎረቤት ቢኖር እንኳ ከአፉ አያወጣውም፤ ነውር ነው። አቶ ገመዳና ባለቤታቸው ሌሊሴን በአርባ ቀኗ ታቅፈው፣ የኖሩበትን ሰፈር ትተው ሲሬ ገቡ። ሲሬ ላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ልጅቷም አታውቅም። ቅጹ እውነቱን ጻፉ ስላለ ብቻ እኚያ ሰው በሕይወታቸው ጽፈውት የማያውቁትን ቃል እኔ ፊት ጻፉት። ዓመት ሳይሞላ ባለቤታቸው አረፉ። ሌሊሴም ኮሌጅ ጨርሳ እዚያው ሲሬ፣ አባቷ በሚሠሩበት ቅርንጫፍ ጸሐፊ ሆና ተቀጠረች። የቅጥር ደብዳቤዋን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የዚያን ቀን ሥራዬ የሕፃን ሥራ ነበር፤ የደንብ ልብስና የቦት ጫማ ልክ ለቅርንጫፎች መላክ። አዲስ ሠንጠረዥ ከምሠራ ብዬ የድሮውን የቤተሰብ ፋይል ከፈትኩ፤ ስሞቹ እዚያ ተደርድረዋላ። የፊተኛውን ገጽ አጽድቼ ልካቸውን ሞላሁበት። ከኋላው ሁለተኛ ገጽ አለ። ልዩ ማስታወሻ ያለባቸው አሥራ ሁለት ሠራተኞች ከነማስታወሻቸው የተጻፉበት ገጽ ነው። ረስቼው ነበር ብል ውሸት ነው፤ ከነአካቴው አላሰብኩትም። ሦስት ሰዓት ላይ «ለሁሉም ቅርንጫፎች፤ ታትሞ ይለጠፍ» ብዬ ላክሁና ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ጉሙ ፊቴ ላይ ሲያርፍ ደስ ይል ነበር።

ስመለስ ስልኬ ይጮሃል። የኢተያዋ ጸሐፊ አስካለ ናት።

«እህቴ፣ የጫማውን ለጥፌዋለሁ። ሁለተኛውንም ገጽ ልለጥፈው?»

«የቱን ሁለተኛ ገጽ?»

ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንቺ፣ ይሄ እኮ የሰው ገመና ነው» አለችኝ።

ፋይሉን ከፈትኩት። ከላይ ሦስተኛው መስመር ላይ ገመዳ የሚል ስም፣ ሌሊሴ የሚል ስም፣ ቀጥሎ ያ ቃል። ወንበሩን በእጄ ፈልጌ ተቀመጥኩ። አስካለን ቅደጂው፣ ከኮምፒውተሩም አጥፊው አልኳት። ወረቀቱ ሲቀደድ በስልክ ሰማሁት።

ወደ ዴራ ደወልኩ። ጥበቃው አነሳና ጸሐፊዋ ከትናንት ጀምራ ለቅሶ ላይ ናት፣ ቢሮው ተቆልፏል አለኝ። በሰው ለቅሶ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። የኮምፒውተር ባለሙያችን ዘንድ ሮጥኩ። ነገሩን ሰምቶ፣ «የዴራው ኮምፒውተር ስላልተከፈተ ከዚሁ አጠፋዋለሁ። ሲሬ ግን ወርዷል። የወረደውን እኔ መልሼ ማምጣት አልችልም» አለኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም ነገር አልነበረም።

ለሌሊሴ ደወልኩ። ድምፄን ደህና ለማስመሰል ያደረግሁትን ጥረት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«ሌሊሴ፣ እንዴት አደርሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?»

«ጠዋት አንድ ኢሜይል ልኬ ነበር።»

«ደርሶኛል። ወዲያው መብራት ጠፋና ማተም አልቻልኩም። እንደመጣ አትሜ እለጥፈዋለሁ።»

«ኮምፒውተሩም አይሠራም?»

«እሱስ ባትሪ አለው።»

«አየሽው?»

ከወዲያ ማዶ ዶሮ ሲጮህ ተሰማኝ።

«ገና ነው» አለች።

ምን ልበላት? «አትክፈቺው» ልበል? አትዪ ከተባለ በላይ ሰው የሚያየው ነገር የለም። «ስህተት አለበት፤ እኔ ራሴ እየመጣሁ ነው፣ እስክደርስ አትለጥፊው» አልኳት። «እሺ» አለች። ለምን አላለችም። የአባቷ ስልክ ዝግ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ሲሆኑ ሁልጊዜ ያጠፉታል።

ሾፌራችን ጋሽ አበራ ፒክ አፑን ሲያስነሱ፣ «ሲሬ? ለጫማ ቁጥር?» ብለው ሳቁብኝ። አዎ አልኳቸው። ከአሰላ ስንወጣ መንገድ አልነበረም፤ ነጭ ነገር ብቻ ነበር። ፍጠኑልኝ ስላቸው፣ «ለእኔ ከምትነግሪኝ ለጉሙ ንገሪው። እኔ አፍንጫዬንም አላይም» አሉኝ። ግራና ቀኝ አረንጓዴ ስንዴ ከጉሙ ብቅ ይልና መልሶ ይሰጥማል። አንዴ ነጭ ፈረስ የታሰረበት ጋሪ ከፊታችን መጣ፤ ባለጋሪው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ እጁን አነሳልን፣ ጠፋ። የመኪናው ጎማ ድምፅ እንኳ የራቀ ነበር። እዚያ ውስጥ ተቀምጬ፣ ምንም እንዳልላክሁ፣ ቀኑ እንዳልጀመረ፣ አሁን ነቅቼ ከአልጋዬ እንደምወርድ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ «ገና ነው» ያለችው ድምፅ ይመጣል።

ኢተያ ስንደርስ ከመንገዱ ዳር ያለው ወፍጮ ቤት ጭጭ ብሏል። ሴቶች እህላቸውን ደጃፉ ላይ ደርድረው ተቀምጠዋል። እዚህም መብራት ሄዷል ማለት ነው። በሕይወቴ መብራት እንዳይመጣ የጸለይኩት ያን ቀን ነው። «አንድ ሰዓት ብቻ፣ አንዲት ሰዓት» እያልኩ ከንፈሬን ሳንቀሳቅስ ጋሽ አበራ በመስታወቱ አዩኝ።

ከኢተያ ወዲያ መሬቱ ቁልቁል ይወርዳል። ጉሙ እየሳሳ ሄዶ ዴራ ስንቃረብ ጨርሶ ለቀቀን። ፀሐይ ወጣች፤ ግራር፣ አቧራ፣ መንገድ የሚያቋርጡ ፍየሎች። ከቀዝቃዛ ክፍል ድንገት ወደ ሞቀ ክፍል እንደመግባት ነበር፤ ብርሃኑ ዓይኔን አጭበረበረው። ዴራ መሐል ስንገባ ያየሁት ሳይሆን የሰማሁት ነው ያስደነገጠኝ። ወፍጮው ይፈጫል። ከአንድ ሱቅ ዘፈን ወጣ።

«መጣ!» አሉ ጋሽ አበራ ደስ ብሏቸው።

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ጋሽ አበራ ዳር ይዘው አቆሙ። ስም ሳልጠራ፣ የአንድ አባት ምስጢር በእጄ አምልጦ እንደወጣና መብራት ከመጣ ግድግዳ ላይ እንደሚውል ነገርኳቸው። 

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ» አሉ። «ግን አፋፉ ላይ ቀድመን እንድረስ እስቲ።»

ከዴራ ሲሬ ያለውን መንገድ እንዴት እንደነዱት አልነግራችሁም፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል፣ ስማቸውን ማጥፋት አልፈልግም።

ሲሬ ስንደርስ ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። የቅርንጫፉ በር ላይ ያለው አምፖል በርቷል። በጠራራ ፀሐይ የበራ አምፖል። ሰሌዳው ፊት አራት ጫኞች ቆመው አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል።  ስጠጋ የሚያነበው ተሰማኝ፤ «ዋቆ፣ አርባ ሦስት። በዳሶ፣ አርባ አንድ።» ጫማ ነው። ሰዎቹን ገፋ አድርጌ አየሁት። አንድ ገጽ፣ ማኅተም፣ ፊርማ። ሌላ ምንም የለም። ተመስገን አልኩ፤ ጮክ ብዬ ሳልለው አልቀርም፣ ጫኞቹ ዞረው አዩኝ።

ሌሊሴ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣለች። ቀጭን፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ የያዘች፣ ዓይኗ የማይረበሽ ልጅ ናት። ተነሥታ እጇን ሰጠችኝ።

«አትለጥፊው ብለውኝ ነበር። ግን የጫማው ገጽ ስህተት እንደሌለበት አውቄያለሁ» አለች።

«ሌላውስ?» አልኩ።

ሄዳ በሩን ዘጋችው። ተመልሳ ተቀመጠች።

«ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ ነው ያነበብኩት። እርስዎ ሲደውሉ አንብቤ ጨርሻለሁ።»

ያን ሁሉ መንገድ፣ ያን ሁሉ ጸሎት፣ መብራቱ ላይ ያን ሁሉ ጭንቀት ያደረግሁት ለካ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነበር።  ይቅርታ አልኳት። ቃሉ አፌ ውስጥ ትንሽ ነበር። አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት፣ እሷ ናት ከመሳቢያዋ ሶፍት ያወጣችልኝ።

«ኢተያና ዴራ ደርሷል?» አለችኝ።

«ኢተያ ጸሐፊዋ ብቻ አይታዋለች፤ ቀድዳ ጥላዋለች። ዴራ አልተከፈተም፣ ጠፍቷል።»

«ከኛ ሌላ አሥራ አንድ ሰው አለበት። እነሱ ያውቃሉ?»

አሥራ አንዱን ሰው እስከዚያች ደቂቃ አላሰብኳቸውም ነበር። እሷ በእንዲህ ያለ ቀን አሰበቻቸው። ያፈርኩትን ያህል ከዚያ በፊትም በኋላም አፍሬ አላውቅም።

«እኔ ከኮምፒውተሩ አጥፍቼዋለሁ» አለች። «አንድ ነገር ልለምንዎ። አባባ እንዳወቅሁ እንዳይነገረው።»

«ሌሊሴ...»

«ምሳ አብረን በላን» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለመስኮቱ የምትናገር ትመስል ነበር። «ጠዋት ካነበብኩ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ ጣቶችሽ የአባትሽ ናቸው ይለኛል፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። ዛሬ ሲቆርስልኝ ትክ ብዬ አየኋቸው። እንዳይመስሉ ፈርቼ ነበር።» የራሷን ጣቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «አሁንም ይመስላሉ።»

በሩ ተንኳኩቶ ተከፈተ። አቶ ገመዳ ናቸው፤ ትከሻቸውና ቅንድባቸው የእህል አቧራ ለብሷል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። «አካም ጂርታ፣ ልጄ! እንዴት ነው አሰላ? አሁንም በጉም ተሸፍናችሁ ነው?» ብለው ጨበጡኝ። ለምን እንደመጣሁ ጠየቁ። የጫማ ቁጥር ላረጋግጥ አልኩ። «ለዚህ ይሄን ሁሉ መንገድ! አርባ ሁለት በይ፤ ግን ሰፋ ያለ» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡት። ልጃቸውን በጎን አየት አደረጓት፤ የኮምፒውተሩን ቁልፎች እየመታች ነው።

«ያኔ አሰላ መጥቼ የሞላሁት ወረቀት አለ አይደል» አሉኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። «አንዳንዴ ትዝ ይለኛል። ደህና ተቀምጧል?»

 እውነቱን ብናገር የልጅቷን ልመና እሰብራለሁ፤ ብዋሽ ለእኚህ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ዋሽቼ ልሄድ ነው። 

ሌሊሴ ከኮምፒውተሩ ላይ ዓይኗን አላነሳችም። «አባባ፣ እነሱ ጋ የገባ ወረቀት አይወጣም» አለች። «አትጨነቅ።»

«ኤዬ፣ ኢንታላ ቲያ» አሉ። አዎ ልጄ ማለታቸው ነው። ትከሻዋን ነካ አድርገዋት ወደ መጋዘናቸው ተመለሱ፤ ሸሚዟ ላይ የእጃቸው አቧራ ቀረ። እሷም አላራገፈችውም።

በማግሥቱ ለሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ተናገርኩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ይገባኝ ነበር። ከዚያ የባሰው ግን አሥራ አንዱን ሰዎች አንድ በአንድ ቀርቤ ወረቀታችሁ ወጥቶ ነበር ማለቴ ነው። አንዱ ሰደበኝ። አንዷ እጄን ይዛ ዝም አለች፤ ስድቡ ይሻለኝ ነበር። ለአቶ ገመዳ ብቻ አልነገርኩም። ልክ ነበርኩ ወይ? እስከ ዛሬ አላውቅም። ምስጢሩ የእሳቸው ነበር፣ ማወቁ የእሷ፤ ጥፋቱ ብቻ ነበር የእኔ፣ ይነገር አይነገር ብሎ መወሰን ግን የእኔ መብት አልመሰለኝም።

እናንተም ቢሮ የምትውሉ፣ የሰው ማኅደር እጃችሁ የገባ፣ ስሙኝ። እኔ ሰነፍ እንጂ ክፉ ሰው አልነበርኩም፤ ለሚጎዳው ሰው ግን ልዩነቱ ምንም ነው። ዛሬ ለአዲስ ነገር አዲስ ፋይል ነው የምከፍተው፤ አሮጌ ላይ አልደርብም። የሰው ገመና ያለበት ፋይል የሚከፈተው በይለፍ ቃል ነው፤ ከቢሮ መውጣት ካለበት ደግሞ በታሸገ ፖስታ፣ በእጅ ነው የሚሄደው። ለቅርንጫፎች የሚላከውን ባልደረባዬ ገጹን እየገለጠች ሳታየው አይወጣም፤ ከተላከም በኋላ ለመሰረዝ እንዲመች አሥር ደቂቃ አሰላ ባለው ዋና ኮምፒውተር ላይ እንዲቆይ ባለሙያችን አስተካክሎልናል። ለማን እንደሚሄድ የሚለውን መስመር ጮክ ብዬ አነባለሁ። አዲስ ሠራተኞች ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። መስኮቱን አልዘጋሁትም፣ ዛፎቹንም አያለሁ። «ላክ» የሚለውን ስነካ ግን አላያቸውም።

አቶ ገመዳ ባለፈው ዓመት አረፉ። እስከ መጨረሻው ልጃቸው እንደምታውቅ አላወቁም። ቀብራቸው ላይ ሌሊሴን ስይዛት፣ «ነግሬው ቢሆን ኖሮ የሚያዝነው እሱ ነበር» አለችኝ። ከአርባቸው በኋላ ይህን ታሪክ ልጻፈው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ስማችንን ቀይሪና ጻፊው፣ ግን ከመውጣቱ በፊት አሳዪኝ አለች። ቀየርኩት። ጽፌም በኢሜይል እንዳልላክሁት ትገምታላችሁ፤ በፖስታ አሽጌ ሲሬ ድረስ ወሰድኩላት።

ከሳምንት በኋላ ሄጄ ጽሑፉን ተቀበልኳት። ሁሉንም አንብባዋለች። ስለ እሷ የጻፍኩትን፣ ስለ ዝምታዋ፣ ስለ ጣቶቿ የጻፍኩትን አልነካችም። በመጀመሪያው ጽሑፌ አራት ቦታ ላይ «አሳዳጊ አባቷ» ብዬ ነበር። አራቱም ቦታ ላይ የፊተኛዋን ቃል በእስክሪብቶ ሰርዛታለች።